የጆንያው መጋረጃ ምስክር

መስከረም 19 ቀን 2018፣ ሰኞ

ፕሮፌሰር አለምሰገድ ዛሬ ከጎንደር በመጣው አውቶቡስ ገቡ። የባለቤቴ የማናዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። እሷን ከቀበርን ሦስት ዓመት ሆነ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ደውለው «አለህ ወይ?» አላሉኝም። ዛሬ ገንዳ ውሃ መናኸሪያ ስቀበላቸው ግን ሦስት ጊዜ ስመው «ወንድሜ» አሉኝ። ሦስት ሻንጣ ይዘዋል። አንዱ ልብስ ነው፤ ሁለቱ መጽሐፍ። ባጃጁ ዳገቷ ላይ ሲቆም ወርጄ ገፋሁ። እሳቸው ከውስጥ ሆነው ግሪኮች በጥንት ጊዜ ስለነበራቸው ተሽከርካሪ መድረክ አስረዱኝ።

«የምቆየው ሦስት ቀን ብቻ ነው» አሉ።

ሰሊጡ ሊደርስ ነው፤ አጫጅ ገና አላገኘሁም። ሦስት ቀን ይቻላል።

መስከረም 21፣ ረቡዕ

ታች በኩል ያለው ሰሊጥ ቢጫ ሆኗል። አጫጅ ፍለጋ መናኸሪያ ዋልሁ። ከጎጃም የመጡ ዘጠኝ ሰዎች አገኘሁ። የሚያወራላቸው ቢሆነኝ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ምላሱ ከማጭዱ ይብሳል።

ፕሮፌሰሩ ቤት ዋሉ። ሽሮው ቅመም የለውም አሉ። እኔ ነኝ የሠራሁት። ማናዬ ስትሞት ቅመሙን የት እንደምታስቀምጥ አልነገረችኝም።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

የመጡበትን ዛሬ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ ሥራ አልያዘ አለኝ። እስቲ ልጻፈው፤ ምናልባት ሲጻፍ ያንስ ይሆናል።

በ1984 ዓ.ም. ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ፣ የሰው ትራክተር እነዳለሁ። ማናዬን ለማግባት ሽማግሌ ልኬአለሁ። አባቷ ሞተዋል፤ የምትሰጠው በወንድሟ ቃል ነው። ወንድሟ ያኔ በዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ፣ የቲያትር ታሪክ የሚያጠኑ ወጣት መምህር ነበሩ። ትልቅ ቴፕ ተሸክመው መጡና «ድሮ በዚህ አገር ቲያትር ነበር ወይ?» እያሉ ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ አንድ ሳምንት ዞሩ። ማንም አላወቀላቸውም። ፊታቸው ዝናብ እንዳጣ ማሽላ ጠወለገ። አዘንሁላቸው።

አይ፣ እውነቱን ልጻፍ። ማናዬን ፈልጌ ነው።

አያቴ መተማ ዮሐንስ ላይ የአንድ ግሪክ ነጋዴ መጋዘን ጠባቂ ነበር አልኋቸው። ይኼ እውነት ነው። ነጋዴው በመጋዘኑ ውስጥ የጆንያ መጋረጃ ሰቅሎ ሦስት ሌሊት ቲያትር አሳየ አልሁ። ይኼ ውሸት ነው። ንጉሥ ሆኖ የተጫወተው አያቴ ነው፤ ዘውዱም የሰሊጥ ወንፊት ነበር አልሁ። ለምን ወንፊት እንዳልሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያ ወንፊት ግን ሰውየውን ፕሮፌሰር አደረጋቸው።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ስሜ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ግርጌ ላይ አለ። እኔ የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ስለሆነ ከዚያ ገጽ የማነበው ስሜንና «ወንፊት» የምትለዋን ነው፤ እሷን በአማርኛ ድምፅዋ ትተዋታል።

አሁን መጽሐፉ ዳግመኛ ሊታተም ነው። አንድ አዳራሽም በስማቸው ሊሰየምላቸው ነው። ነገር ግን ዶክተር ፍቅርአዲስ የምትባል ወጣት መምህርት «ምስክሩ በሕይወት ካለ በቪዲዮ ልቅዳው» ብላለች። ምስክሩ እኔ ነኝ።

«አንዴ የነገርከኝን ደግመህ መንገር ነው፤ ሌላ ምንም የለውም» አሉኝ።

ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት የዋሸሁት ውሸት የሞተ መስሎኝ ነበር። ለካ ሲማር፣ ሲመረቅ፣ ማዕረግ ሲያገኝ ነው የከረመው።

እኔ ደግሞ ለኅዳር ጽዮን ልቆርብ ለንስሐ አባቴ ለቄስ ይርዳው ቃል ሰጥቻለሁ። ማናዬ ብቻዋን ነው የቆረበችው። «አንተ የቀረህን ኃጢአት ስትናገር ተከተለኝ» ብላኝ ነበር። የትኛውን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

መስከረም 27፣ ማክሰኞ

ማጨድ ተጀመረ። ሐሩር። ፕሮፌሰሩ ኮትና ባርኔጣ አድርገው ማሳ መጡ። ነዶውን አደጋግፈን ሂላ ስናቆም «ይህ የጥንት መዘምራን አቋቋም ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ እኒህ ሰውዬ ሥራቸው ምንድን ነው?» አለኝ ቢሆነኝ።

«ያስተምራሉ።»

«ምን?»

«ሰው ሌላ ሰው መስሎ ስለሚታይበት ነገር።»

«እሱንማ አስተማሪ ሳይቀጥሩም ይችሉታል» አለና ጎንበስ ብሎ ማጨዱን ቀጠለ።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ሦስት ቀኑ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። የጎንደር መንገድ ተዘግቷል። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅ የሚመስል ግን መናኸሪያው ሙሉ ነው።

ፕሮፌሰሩ «እንግዲያው እንለማመድ» አሉ። በበርጩማ አስቀመጡኝ። እሳቸው ቆሙ።

«አያቴ ብለህ ጀምር።»

«አያቴ መተማ ዮሐንስ ላይ...»

«ቆይ፣ ቆይ። ከአያቴ በኋላ ዝም በል። በልብህ ሦስት ቁጠር። ከዚያ ወደ ሱዳን በኩል እይ።»

«ሱዳን በዚህ አይደለም፤ በዚያ በኩል ነው።»

«ካሜራው የት እንደሆነ አያውቅም።»

አሥር ጊዜ አስደገሙኝ። በአምስተኛው ፋኖስ ተጨመረ፤ ከጣራው ላይ የሚንጠለጠል። በሰባተኛው ሴቶች ለብቻቸው ተቀምጠው እንዲያዩ ተደረገ። በመጨረሻ ሦስቱ ሌሊት ሰባት ሆነ።

«ሰባት አላልሁም እኮ» አልሁ።

«ማን ቆጠረ?» አሉ።

ፊታቸውን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። አልሳቁም። አንድ አፍታ ያወቁብኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ግን እንዴት ያውቃሉ? ቢያውቁማ ኖሮ በመጽሐፍ አይጽፉትም። የተማረ ሰው ናቸው።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ለቄስ ይርዳው ተናዘዝሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ከነወንፊቱ ነገርኋቸው።

«በማን ላይ ጉዳት ደረሰ?» አሉኝ።

«በማንም አልደረሰም፣ አባቴ። አንድ ሰው ፕሮፌሰር ሆኑ።»

ቄስ ይርዳው ጢማቸውን ያዙ። «እሱ ጉዳት መሆን አለመሆኑን መጽሐፍ ማየት አለብኝ» አሉ። ከዚያ ግን ድምፃቸው ጠነከረ። «ስማ ያረጋል። ያኔ ለሚስት ብለህ ዋሸህ፤ ወጣት ነበርህ። ዛሬ ብትደግመው ለምን ብለህ ነው? አሁን እያወቅህ ነው። በሰው ፊት የተዋሸ በሰው ፊት ይታረማል። አርመውና ቁረብ። ካላረምኸው አትምጣብኝ።»

«እሺ አባቴ።»

ተነሥቼ ስሄድ ጠሩኝ። «ለመሆኑ ወንፊቱም ውሸት ነው?»

«ወንፊቱም።»

«እሱ እንኳ ያሳዝናል» አሉ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ፕሮፌሰሩ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ስለ ጆንያው መጋረጃ ጠየቁ። የአገራችንን አመል እያወቅሁ እንዴት ቀድሜ እንዳልከለከልኋቸው። እዚህ እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስም። ውሃ ቢጠይቅ ውሃ፣ መንገድ ቢጠይቅ መንገድ ይሰጠዋል፤ መንገዱን የማያውቀው ሰው እንኳ በእጁ አንዱን አቅጣጫ ሳያሳይ አይለቀውም። ፕሮፌሰሩ ቲያትር ጠየቁ።

ጋሽ ወንድማገኝ ሰጡ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው።

«እንዴታ፣ አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ አይቻለሁ» አሉ።

ጋሽ ወንድማገኝ የተወለዱት ደብረ ታቦር በኩል ነው። እዚህ ቆላ የወረዱት ጢም አብቅለው፣ ሚስት ይዘው ነው። ይኼን የማያውቅ በሰበካው የለም። ማንም ግን ትንፍሽ አላለም። ፕሮፌሰሩ አንድም ቃል ሳይዘሉ ጻፉ።

ሰው ሲበተን ጋሽ ወንድማገኝን ጥግ ወሰድኋቸው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ የፈጠርሁት።»

«አንተ ሳትፈጥረው እኔ አይቼው ነበር» አሉና በከዘራቸው ገፋ አድርገውኝ ሄዱ።

ሽማግሌውን ታዘብኋቸው። ቤት ገብቼ ግን አሰብሁት። መጀመሪያ እጁን ወደ ባዶ አቅጣጫ የዘረጋው ማን ነው? እኔ ነኝ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ዛሬ የሆነውን ካልጻፍሁት ነገ አላምነውም።

ሥራ ሲፈታ አጫጆቹ ካምፕ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቢሆነኝ ጆንያ እንደ ኮት ለብሶ፣ የተገለበጠ ሳህን አናቱ ላይ ደፍቶ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል። ነዶው ፊት ይቆማል። አንገቱን ወደ ግራ ያዘነብላል። «ይህ» ይላል፣ «ሰሊጥ አይደለም። ምልክት ነው።» አጫጆቹ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። እኔም አፌን በጋቢዬ ይዤ ስንፈራገጥ ፕሮፌሰሩ ከኋላዬ መጡ።

ጋቢዬን ከአፌ አውርጄ ቀጥ አልሁ። እሳቸው ግን ማስታወሻቸውን አወጡ።

«አየኸው፣ ያረጋል? ግሪኩ ነጋዴ ነው። እስከ ዛሬ አለ» አሉ በሹክሹክታ። «አረማመዱን ተመልከት። ያን ኩራት፣ ያን ባዶ ግርማ። ይህ ከትውልድ ወደ ትውልድ ካልወረደ ከየት ይመጣል?»

«ከቅርብ ይመስለኛል» አልሁ።

ቢሆነኝን ጠሩት። «አያትህ ለአጨዳ ወደዚህ አገር ይመጡ ነበር?»

ቢሆነኝ አየኝ። እንግዳውን አየ። ከመጣ ገና ሦስት ሳምንት ከሁለት ቀኑ ነው፤ ግን አመላችንን ተምሮታል።

«አዎ ጌታዬ» አለ። «በያመቱ።»

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ትናንት እስኪያመኝ ሳቅሁ። በእንግዳዬ ነው የሳቅሁት፣ ያውም በጽጌ ጾም። ይቅር ይበለኝ።

ዛሬ ደግሞ ፕሮፌሰሩ ቢሆነኝን ለብቻው ወስዶ አረማመዱን ያርምለታል። ያርሙለታል ማለቴ ነው። «እግርህን ከፍ፣ ደረትህን ነፋ። ነጋዴው ራሱን ትልቅ ሰው አድርጎ ነው የሚያይ» ይሉታል። ቢሆነኝ እንደታዘዘው ይሄዳል። አንድ ሰው ራሱን ለሌላ ሰው ሲያስተምር እንዲህ በትጋት አይቼ አላውቅም።

ዛሬም ሳቅሁ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

መንገዱ ተከፈተ። መናኸሪያ ሁለት አውቶቡስ ሲገባ በዓይኔ አየሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

አልነገርኋቸውም። ሂላው ደርቋል፤ ነዶው ሸራ ላይ ተገልብጦ ሊራገፍ ነው፤ የሸራ ጫፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልገኛል። ፕሮፌሰሩ ሲይዙ እጃቸውን እያወናጨፉ ስለሚያወሩ ግማሹ ሰሊጥ መሬት ይፈሳል። ቢሆንም ሰው ሰው ነው።

ከማሳ ስመለስ ቤቱ መብራት በርቶ አገኘዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ነበርሁ የማበራው።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ቀትር ላይ ሐሩሩ ከዛፍ ሥር አላስነሣ ሲለን ሕይወታቸውን ነገሩኝ። ሳይጠየቁ ነው፤ ሲጠየቁማ የሚናገሩት መጽሐፍ ነው።

ተማሪ ሳሉ በአንድ ቲያትር የመልእክተኛ ክፍል ተሰጣቸው። የሚናገሩት አንድ መስመር ነበር፤ «ጌታዬ፣ ከተማዋ ተያዘች» የሚል። መድረክ ወጡ፤ ሰው አዩ፤ ጠፋቸው። ዝም ብለው ቆመው ቆመው ተመልሰው ገቡ። ከተማዋ ሳትያዝ ቀረች፤ ንጉሡ ያለ ምክንያት ሞተ። «ከዚያ ወዲያ ታሪኩን ማጥናት መረጥኩ» አሉ። «ታሪክ ውስጥ ቃሉን የረሳ ሰው አይታይም።»

ለትምህርት እንግሊዝ አገር ሄዱ። ገንዘብ ስላልነበራቸው ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከምሰሶ ኋላ ነበር። መቶ አሥራ ሰባት ቲያትር አየሁ ይላሉ፤ እኔ እንደገባኝ የሁሉንም ግማሽ ነው። ዶክተር ሆነው ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት ያለው ተደምሮ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተማሩ። አንድ ቲያትር ራሳቸው ጽፈው ሁለት ሌሊት ታየ፤ በሁለተኛው ሌሊት ያየው የአዳራሹ ዘበኛ ነበር። ሚስት ለማግባት ሁለት ጊዜ አስበው ሁለት ጊዜ ጉባኤ መጣባቸው። ተማሪዎቹ «ፕሮፌሰር መጋረጃ» ይሏቸው እንደነበር ያውቃሉ። አንድ ባልደረባቸው በስብሰባ ላይ «ጆንያ ብርሃን ያሳልፋል፤ መጋረጃ አይሆንም» ብሎ ተከራክሯቸው አሥር ዓመት ሰላም አልተባባሉም።

ይኼን ሁሉ ሰምቼ ልስቅ ስል አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አደረጉ፤ ልክ እንደ ማናዬ።

«ያረጋል፣ በዚህ ሁሉ ዘመን እኔ ራሴ ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱንም የሰጠኸኝ አንተ ነህ» አሉ።

ፍየሏን ልይ ብዬ ተነሣሁ።

ፍየል የለኝም።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ዶክተር ፍቅርአዲስ በመኪና መጣች። ቀጭን፣ ትሑት፣ ማስታወሻዋን ከእጇ የማትለቅ ልጅ ናት። እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት፤ «ገጽ መቶ አሥራ ሁለት» አለችኝ፣ ስሜ እንደሆነ ሁሉ።

«መንገዱ ተከፍቷል እንዴ?» አሏት ፕሮፌሰሩ።

«ከተከፈተ አሥራ አንድ ቀን ሆነው እኮ።»

ፕሮፌሰሩ አዩኝ። እኔ ወደ ጫማዬ አየሁ።

«ያረጋል ሰሊጥ ላይ ስለነበር አልሰማ ይሆናል» አሉ።

ቀረጻው ነገ ነው እንግዲህ። መተማ ዮሐንስ፣ መጋዘን ውስጥ። ብናገር ሰውየውን እገድላቸዋለሁ፤ አዳራሹም ስሙም ይቀራል፤ ከማናዬ ወገን የቀረኝ አንድ ሰው እሱም ይሄዳል። ባልናገር ቄስ ይርዳው በር ይዘጉብኛል፤ ደግሞም ልክ ናቸው። ዳዊቴን ገልጬ ብዙ ቆየሁ። ዳዊትም አንደበትህን ከክፉ ከልክል ይላል እንጂ በየትኛው በኩል እንደሆነ አይለይም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ተናገርሁ።

በሥርዓቱ ልጻፈው። ለቀረጻ የተመረጠው መጋዘን የአብዱረሕማን ነው። በሩ ላይ ሆኖ፣ ከማዶ ከሱዳን ተሰደው የገቡ ዘመዶቹን ሻይ እያጠጣ፣ «ወላሂ ይኼን መጋዘን የሠራው አባቴ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው» አላት። ዶክተሯ «በአሮጌው መሠረት ላይ የተሠራ» ብላ ጻፈች። አብዱረሕማን ሊመልስላት አፉን ከፈተና እንግዳ መሆኗን አስታወሰ። ሻይ ሰጣት።

ካሜራው በራ። ፕሮፌሰሩ በሩ አጠገብ ቆሙ።

«አያቴ» አልሁ።

ዝም አልሁ።

«አያቴ የመጋዘን ጠባቂ ነበር። ቲያትር አልተጫወተም። ግሪኩም አላሳየም። መጋረጃ የለም፤ ዘውድ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርሁት። የፕሮፌሰርን እህት ለማግባት ፈልጌ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እናንተም ይቅር በሉኝ።»

ዶክተር ፍቅርአዲስ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ካሜራውን አላጠፋችም።

«ጋሽ ያረጋል፣ በቅርብ ጊዜ ለንስሐ አባትዎ ስለዚህ ነገር ነግረዋቸው ያውቃሉ?»

«አዎ።»

«ምን አሉ?»

«አርመው አሉኝ።»

እስክርቢቶዋ ወረቀቱ ላይ በረረ። «ገባኝ» አለች ለራሷ። «ለዚህ ነው ሌሎች ሽማግሌዎች ሁሉ አናውቅም ያሉት። ቤተ ክርስቲያንን ፈርተው ነው። ይህ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው።»

«ልጄ፣ ማንም አልፈራም። እውነቱን ነው የምነግርሽ።»

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለችና እጄን ያዘች። «ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

ከዚያ ጋሽ ወንድማገኝን ቀዳች። እሳቸው ዘንድ ሰባቱ ሌሊት ዘጠኝ ደርሷል፤ በስምንተኛው ፈረስም ገብቷል። ከዚያ ቢሆነኝ ግሪኩን ተጫወተ። እጁን አጣምሮ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ከፕሮፌሰሩ በሁለት ክንድ ርቀት። እሷ አንዴ እሱን፣ አንዴ ፕሮፌሰሩን አየች። አሁን ገባት ብዬ ተስፋ አደረግሁ። «ፕሮፌሰር፣ ግሪኩ ነፍስዎ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው» አለቻቸው።

ቤት ስመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። እውነቱን ስናገር ከ«አያቴ» በኋላ በልቤ ሦስት ቆጥሬአለሁ። ወደ ሱዳን በኩልም አይቻለሁ። ቆንጆም ነበር። እውነትን ይኼን ያህል አሳምሬ መናገሬ ራሱ ንስሐ ሳያስፈልገው አይቀርም።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ሽሮ ሠራሁ፤ በሉ፤ ስለ ቅመሙ እንኳ ምንም አላሉም። ይኼ ነው የከበደኝ።

ዛሬ በዶክተሯ መኪና ሄዱ። እሷ ሞተሩን አስነሥታ ስትጠብቅ ሦስተኛውን ሻንጣ ስጭን ቀስ ብለው አጠገቤ መጡ።

«ማናዬ ነግራኝ ነበር» አሉ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ከሠርጉ በፊት። ለውሸታም አልሰጥሽም አልኳት። 'እኔን ብሎ ንጉሥ የሚፈጥር ሌላ ሰው ከየት አመጣለሁ?' አለችኝ።»

እጄ ሻንጣው ላይ ቀረ። እንዴት እንዳወቀችብኝ አላውቅም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አብራኝ ኖራ አንድ ቀን አልነገረችኝም።

«ታዲያ እያወቁ ለምን ጻፉት?»

«ጽሑፉ ተልኮ ነበር። መልሼ ላምጣው እያልኩ ሳለ ወደዱት። ከዚያ ዕድገት መጣ። ከዚያ...» ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ከዚያ ማመን ይቀላል፣ ያረጋል። አሥር ዓመት ያስተማርከውን ነገር ታየዋለህ። ፋኖሱን እኮ አየዋለሁ።»

መኪናው ጡሩምባ ነፋ።

«አንተ ተናገርክ» አሉ። «ከሁለታችን መድረክ ላይ ቃሉን ያልረሳው አንተ ነህ።»

ደህና ግቡ ማለት ፈልጌ ነበር። ያልሁት «ሸራውን ማን ይይዝልኛል?» ነው።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ነገ ጾም ይገባል። ሰሊጡ ተራግፎ አልቋል። አጫጆቹ ሄዱ። ቢሆነኝ ሲሰናበተኝ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ይህ መለያየት አይደለም፤ ምልክት ነው» አለኝ። በዚህ ግን ሁለታችንም አልሳቅንም።

ቀትር ላይ ፕሮፌሰሩ ደወሉ።

«ነገርኳት» አሉ።

«ማንን?»

«ፍቅርአዲስን። በሌሎች መምህራን ፊት፣ ቆሜ። ውሸት እንደሆነ አውቄ ነው የጻፍኩት አልኩ። አልረሳሁም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩት።»

«ምን አሉ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁ።

«አጨበጨቡ። ታላቅ ሊቅ ለምስክሩ ክብር ሲል የራሱን ስም አሳልፎ ሰጠ አሉ። አዳራሹን ትልቁን አድርገውታል።»

«አይዞዎት» አልኋቸው።

ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ጽዮን

ዛሬ ቆረብሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ትናንት ቄስ ይርዳው ጠይቀውኝ ነበር። «አረምኸው?» «አረምሁ፣ አባቴ።» «አመኑህ?» «አላመኑኝም።» ሰማዩን አዩ። «አንተ የታዘዝኸው መናገር ነው። ማመን የነሱ ድርሻ ነው» አሉና ፈቱኝ። ማናዬን አሰብሁ። የቀረኝን ኃጢአት ተናግሬ ተከተልሁሽ አልኋት።

ከቅዳሴ ስወጣ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ነው። የቆረበ ሰው ቤቱ እስኪገባ ነገር አያወራም፤ ይኼን ትንሽ ትልቁ ያውቃል። ደጀ ሰላሙ ጋ ሕዝቡ ተሰብስቦ አገኘሁ። መሐል ላይ ጋሽ ወንድማገኝ ናቸው፤ ከደጋ ለጽዮን ለመጡ እንግዶች ያወራሉ።

«በዘጠነኛው ሌሊት መጋረጃው ሲከፈት» ይላሉ፣ «ንጉሡ ብቻውን ቆሟል። ዘውዱ የሰሊጥ ወንፊት ነው። ፋኖሱ ከላይ ሲበራ ብርሃኑ በወንፊቱ ቀዳዳ አልፎ ፊቱ ላይ ከዋክብት ሆኖ ይበተናል። ሰዉ ሁሉ ቆሞ አለቀሰ። ይኸው የንጉሡ የልጅ ልጅ፤ ይኸው መጣ፤ ጠይቁት።»

እንግዶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ከዋክብቱን እኔ አልጨመርሁም። ፕሮፌሰሩም አልጨመሩም። አዲስ ነው። ውሸት ነው ልል ፈለግሁ፤ እውነት ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቀን አልነበረም፤ ግን ቅዱስ ቁርባኑ በአፌ ነው። ነጠላዬን እንደያዝሁ ዝም ብዬ አለፍሁ።

ራሴን ከፍና ዝቅ አድርጌ እንደነቀነቅሁላቸው የታወቀኝ ቤቴ ገብቼ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው።